ሦስት እርምጃ ሲቀር

ራዊሪ እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ አንስቶ ሁለት ጊዜ መልሶ አስቀመጠው። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ነው። በባትሪው ብርሃን ከአምስቱ ዓምዶች አራቱ ተሞልተው ይታያሉ። ስም፦ ራዊሪ። የሰው ብዛት፦ አንድ። መነሻ፦ የላይኛው ጎጆ፣ ዓርብ፣ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ተኩል። መድረሻ፦ የበረዶውን በር ተሻግሮ የሐይቁ ጎጆ፤ አዳር እዚያው። የቀረው የመጨረሻው ዓምድ ነው፦ የጉዞው ዓላማ።

ሌላ ሰው ቢሆን «ሽርሽር» ብሎ ይገላገል ነበር። ራዊሪ ግን አስራ ዘጠኝ በጋ የዚህ ጎጆ ጠባቂ ሆኖ ሲኖር፣ በዚህ መዝገብ የቀለደውን መንገደኛ ሁሉ ሲቆጣ የኖረ ሰው ነው። ዓላማ በሚለው ሥር «ከሚስቴ ለማምለጥ» ብሎ የጻፈ አንድ የጥርስ ሐኪም ሻንጣውን ተሸክሞ ከወጣ በኋላ ከደጅ ተጠርቶ እንደገና እንዲጽፍ ተደርጓል። ራዊሪ ምክንያቱን ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው። «ሰው የጠፋ ቀን ፈላጊዎቹ የሚያምኑት ይህን ወረቀት ብቻ ነው። እዚህ ላይ የዋሸ፣ በገዛ ነፍሱ ላይ ዋሸ።»

ስለዚህ እውነቱን ጻፈ። በደቃቅ ጽሕፈት፣ ከመስመሩ ሳይወጣ፦ «ሜሪያናን አግቢኝ ብዬ ለመጠየቅ።»

ጻፈና ጆሮው ድረስ ጋለ። መዝገቡን ሊዘጋው አሰበ፤ ግን መዝገቡ አይዘጋም፤ የራሱ ደንብ ነው። እስክሪብቶውን መሃሉ ላይ አጋድሞ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በጣቶቹ እየረገጠ ወጣ። በግራና በቀኝ ባሉት አልጋዎች ላይ አምስት ሴቶች ያንኮራፋሉ። ከታች ካለችው ከተማ የመጡ የረቡዕ ተጓዦች ማኅበር አባላት ናቸው፤ ሁሉም ጡረታ የወጡ፣ ሁሉም ከእርሱ ፈጣን። ከሁሉ የምትበልጠው ዶሪን ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ራዊሪን ሁለተኛ ክፍል ያስተማረችው እርሷ ናት። ዛሬ ራዊሪ ሃምሳ ስምንት ሞልቶት እንኳ በፊቷ ሲቀመጥ እጁን ያጣጥፋል።

ውጭ ሰማዩ ገና አልነጣም። ከጎጆው በላይ ለቴ ኡፖኮ ተራራ ብቻ ቀድሞ ነግቶለታል። ግግር በረዶው ከትከሻው እስከ ሸለቆው ወርዶ የጥርስ ሳሙና ቀለም ይዞ ተኝቷል። ራዊሪ የደረት ኪሱን ዳሰሰ። በካልሲ የተጠቀለለው ድንጋይ እዚያው አለ። ለተራራው እንደ ልማዱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና መንገድ ጀመረ።

*

ሜሪያና ከበረዶው በር፣ ተራሮቹን ከሚያሻግረው ከፍተኛ ማለፊያ፣ ማዶ ያለው የሐይቁ ጎጆ ጠባቂ ናት፤ ስድስተኛ በጋዋ ነው። በእነዚህ አምስት ዓመታት ራዊሪ በዓይኑ ያያት አስራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጎጆዎቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ ጠባቂዎቹ ሁሉ ከተማ ላይ ሲሰበሰቡ። ድምፅዋን ግን በየቀኑ ይሰማል። ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በተራራው ዙሪያ ያሉት ዘጠኙም ጎጆዎች በሬዲዮ ይገናኛሉ። ጠዋት ከየጎጆው ማን ወደየት እንደሄደ ከመዝገቡ ይነበባል፤ ማታ የአየሩ ሁኔታ ይነገራል። የሌሎቹ ጠባቂዎች ወሬ «ዝናብ፣ ነፋስ ከምዕራብ» ነው። የሜሪያና ግን፦ «የሐይቁ ጎጆ ነኝ። ዝናቡ ከላይም ከጎንም እየመጣ ነው፤ ከታች እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነው። እኔ ደህና ነኝ።» ራዊሪ ብቻውን ይስቅና፣ የመናገሪያውን ቁልፍ ሲጫን ሳቁን ውጦ «የላይኛው ጎጆ፣ ተቀብያለሁ» ይላል። ሌላ አይጨምርም።

ከስምንት ቀን በፊት ሜሪያና ከአየሩ ወሬ ቀጥላ እንዲህ አለች። «ወገኖቼ፣ ይሄ የመጨረሻ በጋዬ ነው። ልጄ እዚያ ሰሜን መንትዮች ወልዳለች። የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄሊኮፕተሩ ባዶ የጋዝ ሲሊንደሮቹን ሊወስድ ሲመጣ፣ እኔም እንደ አንዱ ባዶ ሲሊንደር ተጭኜ እሄዳለሁ።» ከየጎጆው ሳቅና ምርቃት ተሰማ። የራዊሪ ተራ ሲደርስ «ተቀብያለሁ» አለ። ከዚያ ወጥቶ እንጨት መፍለጫው ግንድ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ።

የእርሱ የጥበቃ ጊዜ እስከ ሐሙስ ነበር፤ ጥሎ መሄድ አልቻለም። ዓርብ ሲነጋ ነጻ ሆነ። በወንዙ በኩል ያለው መንገድ ሜዳ ቢሆንም ረጅም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አያደርሰውም። በበሩ በኩል ደግሞ ጤነኛ ጉልበት ላለው ስድስት ሰዓት፣ ለእርሱ ጉልበት ስምንት። በበሩ ሄደ።

መጀመሪያ የግግሩን ዳር ተከትሎ ድንጋይ ለድንጋይ ወጣ። ከበረዶው ሥር ውኃው ሲያጉረመርም ይሰማል። ከዚያ ድንጋይ የሚያዘንበውን ቦይ፣ ፀሐይ ነክታው ጠጠሩ ከበረዶ ሳይላቀቅ፣ ቀና ብሎ እያየ ተሻገረ። እግሩ መንገዱን ያውቀዋል፤ አፉ ግን ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ስምንት ቀን ያዘጋጀውን ንግግር ያጠናል። «ሜሪያና፣ እንደምታውቂው እኔ ብዙ አልናገርም...» እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይቆማል፤ ብዙ አልናገርም ካለ በኋላ ምን እንደሚናገር አላወቀም።

አራት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ወጣ። ነፋስ የለም። ከበስተጀርባው ቴ ኡፖኮ ሙሉ ለሙሉ ፀሐይ ለብሷል፤ ከፊቱ ሐይቁ ከእግሩ በታች እንደ ሰሐን ተቀምጧል፤ ዳሩ ላይ የጎጆዋ ቀይ ጣሪያ። ሲያያት ንግግሩ በሙሉ ጠፋበት። የጉልበቱን ፋሻ እንደገና ሊጠቀልል ተቀመጠና የግራ ጫማውን አወለቀ።

ስህተቱ ይሄ ነበር። ኬያ የሚባለው የተራራ በቀቀን ከየት መጣ ሳይባል መጥቶ ጫማውን ይዞ ዐለት ላይ ወጣ። ራዊሪ በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ እየዘለለ ተከተለው። ወፉ ሰው እንደሚያጫውት ያህል ሦስት እርምጃ እያስጠጋው ሸሸ። በመጨረሻ ጫማውን ጣለለት፤ ማሰሪያውን ግን ስቦ አውጥቶ፣ እንደ ጢም በአፉ አንጠልጥሎ በረረ።

«ራዊሪ! እግርህን ገብረህ ልታልፍ ነው?»

ዶሪን ናት። ከኋላዋ አራቱ ሴቶች በምርኩዝ እየተደገፉ ወደ በሩ ብቅ ብቅ አሉ።

«ሚስ!» አለ ራዊሪ ካልሲውን እየጎተተ። «እናንተ በታች በኩል አልነበር የምትሄዱት? መዝገቡ ላይ...»

«ቀይረን ጽፈናል። ሳንሰርዝ፣ በአዲስ መስመር። አምስት ሰው፣ መድረሻ የሐይቁ ጎጆ።»

«ዓላማ?»

ሴቶቹ ተያዩ። ቤቭ የምትባለው አጭሯ፣ ከሻንጣዋ ጎን የሹራብ መሥሪያ የማይለያት፣ ቀድማ መለሰች። «እኔ 'ሰርግ' እንበል ብዬ ነበር። ዶሪን ያልተረጋገጠ ነገር አይጻፍም አለች።»

«ታዲያ ምን አላችሁ?»

«'ለማየት።'»

ራዊሪ መሬት መሬት አየ። «አንብባችሁታል ማለት ነው።»

«ከሰባት ዓመትህ ጀምሮ ያንተን ጽሕፈት ሳነብ ነው የኖርኩት» አለች ዶሪን። «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ የሚል ነገር ጽፈህ አገኘሁ። አንድም የፊደል ስህተት የለውም።»

በዚያች ቅጽበት ራዊሪ ከድንጋዩ ላይ ቀጥ ብሎ ተነሣ፤ አንድ እግሩ በካልሲ ብቻ። «ሚስ! የጠዋቱ ሬዲዮ! ማን መለሰ?»

«ማን ይመልስ? ጠባቂ ከሌለ ጎጆው ውስጥ ያለ ሰው ይመልስ ይላል ደንብህ። እኔ ነኛ!»

«መድረሻውን ብቻ ነው ያነበቡት... አይደል?»

«ግድግዳው ላይ በገዛ እጅህ የለጠፍከው ምን ይላል? 'አምስቱም ዓምድ ይነበብ።' አሥምረህበታል እኮ።»

አስራ ዘጠኝ በጋ በየጠዋቱ ያንን መዝገብ በሬዲዮ ያነበበው ራሱ ነው። እርሱ በሌለበት ቀን ሌላ ሰው እንደሚያነበው አንድም ጊዜ አልታየውም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ስንት ጎጆ ሰማ?»

«ዘጠኙም። ከተማ ያለው ቢሮውም» አለች ዶሪን። «አንዱ ጎጆ የመጨረሻውን ዓምድ ድገሚልን አለኝ። በደንብ ደገምኩለት።»

«ቀስ ብላ፣ እንደ ቃል ጽሕፈት!» አለች ቤቭ። አራቱም ሴቶች እስኪያስላቸው ሳቁ።

«የሐይቁ ጎጆስ?»

ሳቁ ቆመ። ዶሪን መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «'ተቀብያለሁ' አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ራዊሪ መልሶ ተቀመጠ። ተቀብያለሁ። ያቺን ቃል ከእርሱ በላይ የሚያውቃት የለም። አምስት ዓመት ሙሉ ስንት ነገር አጭቆ ሲልክባት ኖሯል። ባዶዋንም ትላካለች፤ ይሄንንም ያውቃል።

«ቴ ኡፖኮን ስንት ጊዜ ወጣህ?» ስትል ዶሪን ጠየቀችው።

«አራት ጊዜ።»

«ጫፉ ላይ ቆመህ ታውቃለህ?»

«ሚስ፣ ያውቁት የለም? ሦስት እርምጃ ሲቀረን እንቆማለን። ተራራው ለእኛ አያታችን ነው፤ ራሱ ላይ አይቆምም።»

«ለተራራው አክብሮት ነው፤ ደግ አደረጋችሁ። ሴት ፊት ግን አምስት ዓመት ሙሉ ሦስት እርምጃ ርቆ መቆም ሌላ ስም አለው። በል ጫማህን አድርግ!»

«ማሰሪያ የለውም።»

ቤቭ ከሹራቧ ኳስ ቀይ የሱፍ ክር ስድስት ክንድ ያህል በጥርሷ በጥሳ፣ ሦስት እጥፍ ገምዳ፣ ተንበርክካ አሰረችለት። ቋጠሮው ላይ ቢራቢሮ ሠራችበት። «ሙሽራ ማለት እንዲህ ነው» አለች።

*

ቁልቁለቱን ወርደው ከግማሽ ሲያልፉ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሄሊኮፕተር ተሰማ።

«ዘጠኝ ሰዓት አልነበር?» አለች ዶሪን።

ከምዕራብ ደመና እየመጣ ነው፤ አብራሪው ቀድሞ መምጣቱ ነው። ሄሊኮፕተሩ ቀዩ ጣሪያ አጠገብ ወረደ። ከላይ ሆነው ሰዎቹን መለየት አይችሉም። ራዊሪ መሮጥ ጀመረ፤ ጉልበቱ ከአስር እርምጃ በኋላ አስቆመው። ብዙም ሳይቆይ ሄሊኮፕተሩ ተነሣና በመረብ የታሰሩትን ሲሊንደሮች አንጠልጥሎ በሐይቁ ላይ ዞሮ፣ እነርሱ ባሉበት ከፍታ ትይዩ አለፈ። በሲሊንደሮቹ መሃል አንድ ሰማያዊ የጀርባ ሻንጣ ተሸጉጧል።

«የእሷ ነው» አለ ራዊሪ። «ኪሱ ላይ ቢጫ ጨርቅ ተጥፎበታል። ባለፈው ዓመት እኔ ነኝ ከመኪና ያወረድኩላት።»

የሄሊኮፕተሩ ድምፅ ከሸለቆው ማዶ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

ራዊሪ ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ፣ ቀና ብሎ አየ። ማንም ሳያየው ተመልሶ የራሱ ጎጆ ውስጥ ቢተኛ ምንኛ ደስ ባለው! ዘጠኝ ጎጆ ሙሉ ሰው የሚያውቀው እፍረት፣ የራሱን ጣሪያ ይፈልጋል። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ምርኩዙን አነሣ።

«እንውረድ» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችው ዶሪን፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በለሰለሰ ድምፅ።

«መዝገቡ አዳር የሐይቁ ጎጆ ይላል። ብመለስ ፈላጊዎች የት ብለው ይፈልጉኛል?»

ዶሪን ፊደል ቆጥሮ የጨረሰ ልጅ እንደሚታይ አየችው፤ ራዊሪም ልብ አለው።

የቀረውን መንገድ ቤቭ ስለ ሰባት ድመቶቿ ስታወራ ወረዱ። ማንም አላቋረጣትም። ወደ ሐይቁ ዳር ሲቃረቡ ጠረኑ ቀደማቸው፤ የእንጨት ጭስና የሚጠበስ አይብ። ራዊሪ ቆመ። ከቀዩ ጣሪያ ላይ ጭስ ይወጣል።

መጀመሪያ የመጣበት ደስታ አልነበረም። ቁጣ ነበር። ምድጃ ሳያጠፋ ጎጆ ጥሎ የሚሄድ ጠባቂ! አምስት ዓመት ሙሉ ያከበራት ሴት! ጥርሱን ነክሶ በዚያው ቁጣ የጎጆውን ማዕዘን ዞረ።

ሜሪያና ደጃፉ በረንዳ ላይ ቆማለች። የለበሰችው የዝናብ ካፖርት ቢጫ ነው፤ ሁለት እርሷን ይይዛል፤ እጅጌው እስከ ክርኗ ተጠቅልሏል። በአንድ እጇ መጥበሻ ይዛለች።

«ምድጃው እየነደደ ነው» አለ ራዊሪ።

ከኋላው ቤቭ «ወይኔ ጉዴ!» ስትል ተሰማ።

«ሰው ስላለ ነዋ» አለች ሜሪያና።

«ሻንጣሽ ሄደ።»

«ሄደ! ያ ሰውዬ ደመና መጣ ብሎ ሳይቀጠር መጣና ሻንጣዬን ጫነው። ግቢ ብሎ እጁን ሲዘረጋልኝ፣ 'አይ፣ እንግዳ እየመጣብኝ ነው' አልኩት። 'ማነው?' አለኝ። 'ሬዲዮ አትሰማም እንዴ?' አልኩት። ለካ ሰምቷል። እየሳቀ ልብሴን ሁሉ ይዞልኝ በረረ። አሁን ያለኝ ልብስ ይሄ ነው፤ አንድ ጀርመናዊ የዛሬ ሦስት ዓመት ረስቶት የሄደው። እንዴት ነው፣ ያምርብኛል?»

«ሰፊ ነው» አለ ራዊሪ። ውሸት አይችልም።

ሜሪያና ከት ብላ ሳቀች። ያቺን ሳቅ አምስት ዓመት በሬዲዮ ውስጥ ሰምቷታል፤ ሬዲዮው ግማሿን እየበላት እንደነበር አሁን ገና አወቀ።

«በል እሺ» አለች መጥበሻውን አስቀምጣ። «ጠዋት የሰማሁትን አልቆጥረውም። አግቢኝ ያለችኝ አንዲት የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሴትዮ ናት። እሷን ላግባ?»

«እኔ ባለ ትዳር ነኝ!» አለች ዶሪን ከኋላ።

ራዊሪ ወደ በረንዳው ቀረበ። ሦስት የእንጨት ደረጃዎች አሉት። ከሥራቸው ሲደርስ እግሩ በራሱ ጊዜ ቆመ። አፉን ከፈተ። «ሜሪያና፣ እንደምታውቂው እኔ ብዙ አልናገርም...»

«እዚያ ምን ትሠራለህ?» አለች። «እኔ ተራራ አይደለሁም።»

ራዊሪ ደረጃዎቹን አየ። ከዚያ በቀይ ክር የታሰረውን እግሩን አስቀድሞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወጣ። ከደረት ኪሱ ካልሲውን አውጥቶ ፈታው። ከውስጡ የአውራ ጣት የሚያህል አረንጓዴ ድንጋይ ወጣ፤ ብርሃን ሲነካው ውስጡ እንደ ወንዝ የሚንቀሳቀስ።

«ከወንዛችን ያገኘሁት ነው። እኔው ነኝ የሞረድኩት። ለራስ አይያዝም፤ የሚሰጥ ነው። ክረምት ክረምት ነበር የምሠራው፤ አምስት ክረምት ፈጀብኝ።»

ሜሪያና ድንጋዩን ሳትነካ ቀና አለች። «አምስት ክረምት? ከመጣሁበት ዓመት ጀምሮ?»

«ዝናቡ ከጎን መጣ ካልሽበት ቀን ጀምሮ» አለ ራዊሪ። «አግቢኝ።»

ንግግሩ አለቀ። የተቀረው ሁሉ ትርፍ እንደነበር ገባው።

ሜሪያና ድንጋዩን ከመዳፉ አንስታ አንገቷ ላይ ይዛ፣ ከጀርመናዊው ካፖርት በላይ፣ ጎንበስ ብላ አየችው። «መንትዮቹን ሳላይ የትም አልቀርም» አለች። «እሱን እወቅ። ሰሜን ድረስ እሄዳለሁ።»

«እሺ።»

«በአውቶብስ ነው። ሁለት ቀን ይፈጃል። አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ እንዲያወራኝ እፈልጋለሁ።»

ራዊሪ ትንሽ አሰበ። «እለማመዳለሁ» አለ።

«በቃ እሺ አልኩህ! ምን ትጠብቃለህ?»

ቤቭ አለቀሰች፤ ከዚያ አይቡ እያረረ መሆኑን ያየችም እርሷ ናት። አይብ የተጠቀለለበትን ጥብስ ዳቦ፣ ያረረውንም ያላረረውንም፣ በረንዳው ላይ ተደርድረው በሉ። ደመናው መጥቶ ቴ ኡፖኮን እስከ ትከሻው ሸፈነው።

*

ቅዳሜ ጠዋት ለአንድ ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ ሜሪያና መዝገቡን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ጻፈች። ስትጨርስ ራዊሪ እንደ ልማዱ መስመር በመስመር መረመረውና እርማት የሚፈልግ ነገር አጣበት። ዶሪንም አላገኘችበትም።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። የሌሎቹ ጎጆዎች ንባብ በጥድፊያ አለፈ፤ ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ጎጆ ነው። ሜሪያና መናገሪያውን ለራዊሪ ሰጠችው።

«የሐይቁ ጎጆ» ብሎ ጀመረ። «ስም፦ ሜሪያና እና ራዊሪ። የሰው ብዛት፦ ሁለት። መነሻ፦ አሁን። መድረሻ፦ በወንዙ በኩል ወደ ከተማ፣ ከዚያ ሰሜን።» ጉሮሮውን ጠረገ። «የጉዞው ዓላማ፦ መንትዮቹን ለማየት፤ ሲመለሱ ለመጋባት።»

ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሣ። ከሌሎቹ ጠባቂዎች አንዱ፣ ሳቁን እየታገለ፣ «የሐይቁ ጎጆ፣ የመጨረሻው ዓምድ በደንብ አልተሰማም፤ ድገሙልን» አለ።

ራዊሪ ቁልፉን እንደገና ተጫነ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ቃል ጽሕፈት፣ ደገመላቸው።